ድመቷ መቼ መነኮሰች?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የምትለውን ተረት ማብራራት አያስፈልግም። በልጅነቱ ያልሰማት፣ አድጎም በሰው ላይ ያልተረታት የለም። ሰካራሙ ጠበል ገብቶ ሲወጣ፣ ሌባው ታስሮ ሲፈታ፣ ሹሙ ወንበር ቀይሮ ስለ ንጽሕና ሲሰብክ ተረቷ አትቀርም። አሁን ግን ከዚህች ተረት ጋር የሚያጣላኝ የሰው ነገር አይደለም፤ የራሷ የድመቷ ነገር ነው። ከተሞቻችን እየጠበቡ፣ ድሮ በሰፊ ግቢና በቡና ዛፍ ተለያይተው የኖሩ ቤቶች አጥር ለአጥር እየተሳሳቡ ሲሄዱ፣ የጎረቤት ድመት የሰፈር ክርክር ሆናለች። መቱም ይሁን ጎሬ፣ ሁሩሙም ይሁን ያዮ፣ ጓሮ ያለው ሰው ክርክሩን ያውቀዋል። የሚገርመው ከሳሽም ተከሳሽም የሚጠሩት ምስክር አንድ መሆኑ ነው። የድመቷ ባለቤት «ምን ላድርግ? ድመት እኮ ናት፤ አመሏን አትረሳ» ይላል። ጓሮው የተጫረበትም «አመሏን የማትረሳ ከሆነማ መገላገል ነው» ይላል። አንዱ ተረቷን ይዞ ከነገሩ ይወጣል፣ ሌላው ተረቷን ይዞ መርዝ ይፈልጋል። ሁለት ባላጋራዎች እኩል የተደገፏት ተረት ብትመረመር አይከፋም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። እነዚህ ከተሞች ያሉበት ኢሉባቦር የቡና አገር ነው፤ የያዮ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበውም በጫካ ቡናው ነው። በከተማውም ቢሆን ከጎመኑ፣ ከጎደሬው፣ ከሙዙና ከአቮካዶው ጎን ቡና የሌለበት ጓሮ ጥቂት ነው። ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ፣ በበጋው፣ ዘሩ የሚፈላበት መደብ ይዘጋጃል። አፈሩ ይኮተኮታል፣ ድንጋዩና ሥራሥሩ ይለቀማል፣ ይነፋል፣ ከላዩም ዳስ ይጣልለታል። ፍሬው ብዙም ሳይጠልቅ ይቀበርና ከአንድ ወር በላይ ይጠበቃል። ብቅ ሲል ያንኑ ፍሬ እንደ ቆብ በራሱ ላይ ደፍቶ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የመነኮሰ ካለ ከድመቷ ይልቅ ቡናው ነው። በዚያ ዕድሜው አንገቱ ከተቀነጠሰ አበቃለት፤ ዳግም አያቆጠቁጥም። ድመቷ እንግዲህ ሲመሽ ትመጣለች። አፈሩን ታሸታለች፣ በፊት እግሯ ትጭራለች፣ ትንሽ ጉድጓድ ታበጃለች፣ ዞራ ትቀመጣለች፣ ስትጨርስ አፈሩን መልሳ ትከድናለች። ሥራዋ የደቂቃ ነው። ጠዋት መደቡ ላይ ባለጓሮውን የሚጠብቀው የተገለበጠ ፍሬ፣ የተቀነጠሰ ችግኝና ክፉ ሽታ ነው።

ባለጓሮው እዚህ ላይ ተረቷን ቢተርት አይፈረድበትም። ግን ድመቷን ከጓሮው ሁሉ ይህን መደብ ያስመረጣት ምንድን ነው? በበጋ የቀረው መሬት ደርቆ ጠንክሯል። በክረምት ደግሞ ይህ ምድር በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው አካባቢዎች አንዱ ነውና መሬቱ ረስርሶ ሣር ውጦታል። በሁለቱም ወቅት ልል፣ ለስላሳና ከላይ የተጠለለ አፈር የሚገኘው እዚያ መደብ ላይ ነው። ድመት ስትፈጠር ጀምራ የምትሻውን አፈር ሰው በእጁ ነፍቶ፣ ዳስ ጥሎ አሰናድቶላታል።

ተረቷ ድመቷን በግብዝነት ትከሳታለች፤ ቃል ገብታ ያፈረሰች፣ ቆብ ደፍታ ያታለለች ታስመስላታለች። ታሪኳ የሚናገረው ሌላ ነው። የቤት ድመት የዘር ግንዷ ዛሬም በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው የዱር ድመት ነው። ላሙንና በጉን ሰው አግቶ፣ አስሮ፣ እየመረጠ አራብቷቸዋል። ድመት ግን ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር፣ አይጥ እህሉን ተከትላ ስትገባ፣ እሷም አይጧን ተከትላ እንደገባች ይታመናል። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘችው ድመት፣ ግኝቷ በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን፣ 9,500 ዓመት ገደማ የሆናት ነበረች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰው ከድመት የፈለገው ነገር ቢኖር አመሏን እንዳትረሳ ነው። በቆሎ በጆንያ የሚያስገባ ቤተሰብ፣ ጎተራ ያለው ገበሬ፣ መጋዘን ያለው ነጋዴ ድመት የሚያኖረው እንድታድንለት ነው። ከአይጥ ጋር ታርቃ ምድጃ ዳር የምትጾም ድመት ብትገኝ መጀመሪያ የሚያባርራት የራሷ ጌታ ነው። በአመሏ አስገብተናት በአመሏ የምንከሳት ከሆነ፣ ግብዝነቱ ወደ ማን ያጋድላል?

ተረቷ ይበልጥ የምትሳሳተው ግን ሰሚዋን በምታደርስበት መደምደሚያ ነው። «አትረሳም» ሲባል «እንግዲህ ምንም አይደረግላትም» ማለት ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። አመሉን የማይረሳ ፍጡር ነገ የሚያደርገው ዛሬ ይታወቃል፤ የሚታወቅ ነገር ደግሞ መላ አለው። ልል አፈር ትወዳለች፤ እንግዲያው ዘሩ እንደተቀበረ ከቡናው የተገረዘ ቅርንጫፍና ጭራሮ በመደቡ ላይ ማጋደም፣ ከተቻለም የሽቦ ወንፊት መዘርጋት መጫሪያ ያሳጣታል። ሽታዋን ተከትላ ወደነበረችበት ትመለሳለች፤ እንግዲያው ያቆሸሸችውን አፈር ከላይ ከማልበስ ይልቅ ከሥሩ ዝቆ ማውጣት ነው። በንጋትና በምሽት ለአደን ትወጣለች፤ እንግዲያው ጫጩት ያለው ሰው በእነዚያ ሰዓታት ቅርጫቱን ይድፋባቸው፣ ቆጡን ይዝጋ። ጥልልና ደረቅ ቦታ ትመርጣለች፤ እንግዲያው ባለቤቷ በራሱ ጣሪያ ጠፈፍ ሥር አሸዋ ቢያፈስላት የጎረቤት ዳስ አያጓጓትም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ድመት አመሏን ስለማትረሳ ነው። ጠባይዋ በየቀኑ የሚቀያየር ቢሆን ኖሮ መላ ባልተገኘላት ነበር።

«ጉዳቱ የደረሰብኝ እኔ፣ ሽቦ የምገዛውም እኔ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ሕጉም ከጠያቂው ጋር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ «ድመት ናት፣ ምን ላድርግ» የሚለው መልስ በሕግ ፊት አያድንም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በሬ ሰብል ውስጥ ቢገባ ኮቴው ይታያል፣ ባለቤቱም ይታወቃል። ድመት በጨለማ መጥታ በጨለማ ትሄዳለች፤ በሰፈሩ ያለችው ግራጫ ድመትም አንዲት ብቻ አይደለችም። የጥቂት ችግኝ ዋጋ የክስ ማመልከቻ የማጻፊያውን አይሸፍንም፣ ከፍርዱ በኋላም ሁለቱ ሰዎች ዕድር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለውን ነገር የአገሩ ሰው በሽማግሌ፣ በጃርሱማ፣ ከዚያም ሲቀልል ቡና ላይ ይጨርሰዋል። ቡና ላይ ሲነሳ ደግሞ ማን ምን ይችላል የሚለው ጥያቄ ማን ጥፋተኛ ነው ከሚለው ይቀድማል። መደቡን መክደን የሚችለው ባለጓሮው ብቻ ነው። ድመቷን ማብላት፣ ማታ ማስገባት፣ አሸዋ ማፍሰስና ስትወልድ ግልገሎቿን ገበያ ዳር አለመጣል የሚችለው ደግሞ ባለቤቷ ብቻ ነው። ሽቦውን ሁለቱ ቢካፈሉት የአንቀጹም መንፈስ አይጣስም።

መርዙን የመረጠው ሰው የራሱ ክርክር አለው፤ አንድ ጊዜ ተደርጎ ያልቃል ይላል። እዚህ ላይ ተረቷ በራሱ በተራቿ ላይ ትመሰክራለች። ድመት ሁሉ አመሏን የማትረሳ ከሆነ፣ የሞተችውን የምትተካው ድመት ያንኑ መደብ ትመርጣለች፤ ባዶ የቀረ ሰፈርም ብዙ ሳይቆይ ሌላ ድመት ይገባበታል። ያልቃል የተባለው ነገር በየዓመቱ ይደገማል፤ በሥጋ ተለውሶ የተጣለ የአይጥ መርዝም ድመትን ከውሻ፣ ውሻንም ከሕፃን አይለይም። ዚንክ ፎስፋይድን የመሰለው መርዝ የማንንም ሆድ አይመርጥም። ደግሞም ድመቷ ስትጠፋ ደስ የሚላት አይጥ ናት፤ ጆንያው ሲበሳ የሚከስረው ችግኙን ያዳነው ሰው ራሱ ነው። ሌላይቱ ተረታችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ትላለች። እዚህ የተመታችው አይጧን የምትይዘው ስለሆነች፣ ጥፋቱ ከዳዋው ይከፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ሙግት የጤና ነው፤ ይህንን ማቃለል አይገባም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሐዋስ በድመት ዓይነ ምድር በኩል ወደ አፈር ይገባል፤ ርጥብና ጥላ ያለበት አፈር ውስጥም ለወራት ይቆያል። ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ወቅት መጀመሪያ ከተያዘች ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ጎመን ከጓሮ ቀጥፎ ጥሬውን በሰላጣ ለሚበላ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እዚህም የተሐዋሱን አመል ማወቅ ይጠቅማል። ድመት እንቁላሉን የምታስወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ የወጣውም በሽታ ለማስተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ቆሻሻውን ዕለት በዕለት ዝቆ መጣል አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ጓንት ማጥለቅ፣ እጅንና ቅጠሉን በደንብ ማጠብ፣ ነፍሰ ጡርን ከመደቡ ሥራ ማሳረፍ የቀረውን ይሸፍናል። ያው ተሐዋስ ባልበሰለ ሥጋም ይተላለፋልና፣ ድመቷን እየረገመ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ፍርሃቱን ወደ ሳህኑም መለስ ቢያደርግ ይበጀዋል።

ተረቷ የምትረታበት ቦታም አለ። ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ ጠግባም ታድናለች። እንደ ያዮና መቱ ደን ደጃፍ ላይ በተቀመጠ ከተማ ደግሞ ከአይጥ ጋር ወፍም ትወድቃለች። «እያበላኋት ነው» የሚል ባለቤት ነገሩን ሙሉ በሙሉ ጨረስኩ ማለት አይችልም። ነገር ግን «አትረሳም» እና «አትቀንስም» ልዩነት አላቸው። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት በ36 በመቶ፣ ባለቤቶቻቸው በቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሷል። የእንግሊዝን ድመት ምግብ የመቱ ቤት ሁሉ ይግዛ የሚል የለም። ጥናቱ የሚያሳየው ግን እንዲህ ሥር የሰደደ አመል እንኳ በሰው እጅ መጠኑ የሚለወጥ መሆኑን ነው። ባለቤቷ የሚጠየቀው በዚያ መጠን ልክ ነው።

እዚህ ከደረስን ተረቷ በሰው ላይ ስትተረት የምታደርሰውን በደልም ማየት ይቻላል። ድመት ቃል አልገባችም፣ መግባትም አትችልም። ሰው ግን ቃል ይገባል፣ አንዳንዱም ይጠብቀዋል። መጠጥ ትቶ የኖረ፣ ከእስር ወጥቶ ሠርቶ የበላ ሰው በየከተማው ሞልቷል። እነዚህን ሁሉ ለመኮነን ቃል ገብታ የማታውቅ ድመትን ምስክር አድርጎ ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ነው። በጎረቤታሞቹ ክርክር ውስጥም ቢሆን ሊለወጥ ሲችል ያልተለወጠው የሁለቱ ሰዎች አመል ነው፦ የአንዱ ቸልታ፣ የሌላው ቁጣ። ተረቷ ደግሞ ለሁለቱም መሸሸጊያ ሆናለች።

ተረቷን እንጣላት አልልም፤ የያዘችው እውነት ጥሩ እውነት ነው። ምንኩስናውን ግን እንቁረጥላትና በሁለተኛው ግማሽ ሰውን እናስገባበት፦ «ድመት አመሏን አትረሳ፤ ጌታዋ ራቷን፣ ጎረቤቷም ክዳኑን አይርሳ።» ዘንድሮ የቡና ችግኝ ለማፍላት ያሰብክ አንባቢ፣ ከዘሩ በፊት ጭራሮውን አዘጋጅ። ድመት ያለህም፣ መደቡ ሲኮተኮት ካየህ ቡና ተጠርተህ እስክትከሰስ አትጠብቅ፤ አሸዋውን ዛሬ አፍስስላት።