ሳትወለድ የተሰጣት

ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች፣ ፅንሱ 20 ሳምንት ገደማ ሲሞላው፣ በሁለቱ ኦቫሪዎቿ ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎች ተሠርተው ተቀምጠዋል። አየር አልሳበችም፣ ስም አልወጣላትም፤ አንድ ቀን የምትወልዳቸው ልጆች ዘር ግን አብሯት አለ። ይህን ወደ ኋላ ብንመልሰው፣ እያንዳንዳችን የተገኘንባት እንቁላል የተሠራችው እናታችን በአያታችን ሆድ ሳለች ነው። ሦስት ትውልድ በአንዲት ሴት ገላ ውስጥ ያደረበት ጊዜ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ተመስገን ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይመጣልኝም።

ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። በምትወለድበት ቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራል፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ። ከዚህ ሁሉ በዕድሜዋ ሙሉ የሚለቀቁት 400 ወይም 500 ቢሆኑ ነው። የአንዷ እንቁላል ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው፤ ከሰው ሕዋሶች ትልልቆቹ ውስጥ ናት፣ ሹል ዓይን ያለው ሰው ያለ አጉሊ መነጽር ሊያያት ይችላል። ያም ሆኖ የአጥቢ እንስሳት እንቁላል በሳይንስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ ካርል ኤርንስት ፎን ባየር በውሻ ኦቫሪ ውስጥ አያት።

በየወሩ የሚሆነው ነገር ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። ፎሊክል የሚባሉ ጥቂት የእንቁላል ከረጢቶች አብረው ማደግ ይጀምራሉ። የሚያሳድጋቸው ኤፍ ኤስ ኤች የተባለ ሆርሞን ሲሆን የሚመነጨውም ከአንጎል ሥር ከተቀመጠችው፣ የአተር ፍሬ ከምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ከፎሊክሎቹ አንዷ ትቀድማለች። ስታድግ ኤስትሮጅን ታመነጫለች፤ ኤስትሮጅኑ ሲበዛ አንጎል ኤፍ ኤስ ኤቹን ይቀንሳል። ሌሎቹ ሆርሞኑ ሲያንሳቸው ባሉበት ይቀራሉ፤ እርሷ ግን ጥቂቱም ይበቃታልና ማደጓን ትቀጥላለች። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትሆን ኤል ኤች የተባለው ሌላ ሆርሞን በአንድ ጊዜ በብዛት ይለቀቃል፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ከረጢቷ ተከፍታ እንቁላሏ ትወጣለች። ይህች እንቁላል፣ ባለቤቷ ሳትወለድ የጀመረችውን መከፋፈል እስከዚያች ሰዓት ድረስ መሃል ላይ አቁማ ነበር። ሴቲቱ 30 ዓመቷ ከሆነ ሥራው ከ30 ዓመት በላይ ቆሟል ማለት ነው። ጥሪው ሲደርሳት ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ችግር የሚገባው እዚህ ምርጫ ላይ ነው። ኤል ኤች ከልክ በላይ ይመነጫል፤ በብዙዎቹ ሴቶች ኢንሱሊንም በደም ውስጥ ይበዛል፤ ሁለቱ ተባብረው ኦቫሪው አንድሮጅን፣ የወንድ ሆርሞን የሚባለውን፣ አብዝቶ እንዲያመነጭ ያደርጉታል። ፎሊክሎቹ ማደግ ይጀምሩና ገና 1 ሴንቲ ሜትር ሳይሞሉ ይቆማሉ። ከመካከላቸው የምትቀድም ትጠፋለች። የወር አበባ ይዘገያል ወይም ለወራት ይቀራል፤ ፊት ላይ ብጉር ወይም ፀጉር ሊወጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶው ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል፤ ከእነርሱም እስከ 70 በመቶው አያውቁትም።

አልትራሳውንድ ላይ በኦቫሪው ዙሪያ የተደረደሩ ጥቁር ክብ ነጥቦች ይታያሉ። ብዙ ሴት እጢ ነው ብላ ትደነግጣለች። እጢ አይደሉም፤ እድገታቸው የቆመ ፎሊክሎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም እንቁላል ይዘዋል። መካን እየተባለች አንገቷን የምትደፋው ሴት ኦቫሪ ከብዙዎች ይልቅ የሞላ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግራት ሰው ማጣቷ ያሳዝነኛል። ክርስትና ቤት ሄዳ «ዐይንሽን በዐይንሽ ያሳይሽ» ትባላለች። ምርቃቱ መልካም ነው፤ አሜን ትላለች። ከምርቃቱ በኋላ የሚመጣው «ምነው ቆየሽ?» ግን ቤቷ ድረስ ይከተላታል።

ሕክምናው የሚያደርገው የቆመውን ጥሪ መመለስ ነው። ክብደቷ ለጨመረ ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን እንቁላል መልቀቅን ሊመልስ ይችላል፤ ቀጭን ሆና ይህ ችግር ያለባት ሴትም አለችና «ክብደት ቀንሺ» ለሁሉም መልስ አይሆንም። ከኪኒኖቹ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሌትሮዞል ነው። የተሠራው ለጡት ካንሰር ነበር። ለ5 ቀን ሲወሰድ የኤስትሮጅንን ምርት ይቀንሳል፤ አንጎልም ኤስትሮጅን ማነሱን አይቶ ኤፍ ኤስ ኤቹን ይጨምራል፤ አንዷ ፎሊክል ትነሣለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመና በአሜሪካ 750 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ እስከ 5 ዙር ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶው ወልደዋል፤ የቆየውን ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶው። ሜትፎርሚንም ኢንሱሊኑን ለማስተካከል ይታዘዛል።

ኪኒን ካልሠራ ወደ ሆርሞን መርፌ ይኬዳል፤ የመርፌው ታሪክ ራሱ ልብ ይነካል። የወር አበባዋ ለዘለቄታው የቆመ ሴት ኦቫሪ ለጥሪው አይመልስምና፣ ፒቱታሪዋ ኤፍ ኤስ ኤች ሆርሞኑን ያለማቋረጥ ይልካል፤ ትርፉም በሽንቷ ይወጣል። ጣሊያናዊው ኬሚስት ፒዬሮ ዶኒኒ ሆርሞኑን ከሽንት አጥርቶ ማውጣት ቻለ። ብሩኖ ሉነንፌልድ የተባለው የእስራኤል ሐኪም ለሕክምና ሊያውለው ፈለገ፤ ግን ብዙ ሽንት ያስፈልግ ነበር፣ በዕድሜ ከገፉና በአንድነት ከሚኖሩ ሴቶች። የተገኘው ከጣሊያን ገዳማት ነው፣ ካረጁ መነኮሳት። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚህ መድኃኒት የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን በእስራኤል ተወለደች፤ ሴት ነበረች። ዛሬ መድኃኒቱ በአብዛኛው በቤተ ሙከራ ይሠራል። እኔ ግን እነዚያን እናቶች አስባለሁ፤ መውለድን ስለ እግዚአብሔር የተዉ ናቸው፣ ከገላቸው የወጣው ለሌሎች ሴቶች ልጅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የቀረው በላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ) ኦቫሪውን በትንሹ መብሳት፣ አለዚያም አይ ቪ ኤፍ ነው፤ እንቁላልና የወንድ ዘር ከማህፀን ውጭ ተገናኝተው ፅንሱ ወደ ማህፀን ይመለሳል። ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ ከተወለደች ወዲህ በዚህ መንገድ ሚሊዮኖች ተወልደዋል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያለባት ሴት እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል፤ ፎሊክሎቿ ብዙ በመሆናቸው በመርፌው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊነሡና ሆዷ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም መጠኑን አሳንሶ ይጀምራል፣ ፅንሱንም ብዙ ጊዜ አቀዝቅዞ አቆይቶ ገላዋ ሲረጋጋ ይመልሰዋል። በአገራችን አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመንግሥት ተቋም ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል አለው።

ቁልቢ ገብርኤል ስለት የገባች፣ ዱዓ የምታደርግ፣ ጠበል የምትጠመቅ እህት ሐኪም ቤት ስትሄድ እምነቷን አላጎደለችም። ሳትወለድ የተሰጣትን የሰጣት አንድ ነው፤ ሐኪሙ የሚደክመውም በዚያው ስጦታ ላይ ነው። ጠበሉን ስትይዝ የታዘዘላትን ኪኒን አታቋርጥ። ከጓደኛዋ ቦርሳ አውጥታም አትዋጥ፤ መጠኑን የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም ነው።

እህቴ፣ የወር አበባሽ ከ35 ቀን በላይ እየራቀ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም በዓመት 8 ጊዜ እንኳ የማይመጣ ከሆነ፣ ሌላ ዓመት አትጠብቂ፤ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ፎሊክ አሲድ ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ። አንተም ወንድሜ አብረሃት ሂድ፤ ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት የወንዱም ድርሻ አለበት፣ የወንድ ዘር ምርመራም ቀላልና ሕመም የሌለው ነው። ሁለታችሁም በአንድ ቀን ተመርመሩ።