የፈነዳ ቧንቧና የጎረቤት ጣሪያ

ሌሊት በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የፈነዳ ቧንቧ የታችኛውን ቤተሰብ ፍራሽ ሲያርስ «የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል» ማለት የተለመደ ነው። ጥያቄው ሰው ባላሰበው ጉዳት ይጠየቃል ወይ የሚል ነው። አርስቶትል በኒኮማኪያን ሥነ ምግባር ድርሰቱ ሊገመት የማይችለውን አደጋ ሊገመት ይችል ከነበረው ስሕተት ይለያል። ኦሪት ዘዳግም (22፥8) ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ገና ማንም ሳይወድቅ ለጣሪያው መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል። ትእዛዙ ጥልቅ ነው፤ የጎረቤትን ፍቅር ከልብ ስሜት አውርዶ በግንበኛ እጅ ላይ ያኖረዋል።

የቧንቧም ጉዳይ ሊገመት ከሚችለው ስሕተት ወገን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ሲመለስ በመስመሩ የገባውን አየር እየገፋ ድንገተኛ ግፊት ይፈጥራል፤ ያረጀ ቱቦ ያን ጊዜ ይበጠሳል። ውኃ በጠፋበት ሰዓት ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧም ውኃው ሲመለስ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ይህን የማያውቅ ነዋሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛገውን በጊዜ መቀየር፣ ከቤት ሲወጡ ዋናውን መዝጊያ መዝጋት፣ ቦታውንም ለቤተሰቡ ሁሉ ማሳየት የሥነ ምግባር ግዴታ ነው። ከፈነዳ ውኃውን መዝጋት፣ መብራቱን ከብሬከሩ ማጥፋት፣ ወዲያውም ወርዶ የታችኛውን በር ማንኳኳት ይገባል።

ሕጉ ከፈላስፋው ይልቅ ጥብቅ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ሊገመት ባልቻለ አደጋ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል።