ሰባት ጊዜ ስምንት

ልጇን ቤት ውስጥ ለማስተማር የቆረጠች እናት አስቀድማ የምትፈራው ከባድ የተባለውን ትምህርት ነው። የሳይንሱ ሙከራ፣ የታሪኩ ስፋት፣ የእንግሊዝኛው ሰዋስው ያሳስባታል። ፈተናው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቀላል በተባለው በኩል ነው። «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ትናንት የመለሰው ልጅ ዛሬ ዝም ይላል። ቀና ብሎ የሚመለከተውም ደብተሩን ሳይሆን የእናቱን ፊት ነው። በዚያች ቅጽበት የሒሳቡ ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል።

በምሥራቅ አፍሪካ ቤት ውስጥ ማስተማር ለብዙ ወላጆች በምርጫ የመጣ አልነበረም። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የዘጋቻቸውን ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2022 ነበር። በካምፓላ የሚኖር ወላጅ ሁሉ በዚያ ጊዜ ሳያስበው መምህር ሆነ። በሮቹ ሲከፈቱ ልጁን የመለሰ አለ፤ በዚያው የቀጠለም አለ። ለሁለቱም የቀረው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ወላጅ፣ ልጁ ያልመረጠውንና የማይጥመውን ድግግሞሽ እንዲሸከም የማድረግ መብት አለውን?

«የለውም» የሚሉ አሉ። ሽምደዳ ማሰብን ያደነዝዛል፤ ስሌቱንም ስልክ ይሠራዋል ይላሉ። ትርጉሙ ሳይገባው የሚያነበንብ ልጅ በእርግጥ ስላለ፣ ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ይሁን እንጂ ስልክ የተጠየቀውን ይመልሳል እንጂ ጥያቄው ትክክል መሆኑን አይመረምርም። 42/56ን አቃልል የተባለ ልጅ ሁለቱም ቁጥሮች ለሰባት እንደሚካፈሉ ካልታየው መነሻ ያጣል። ስድስት ጊዜ ሰባትንና ሰባት ጊዜ ስምንትን በቃሉ የያዘ ልጅ ግን ወዲያውኑ 6/8፣ ቀጥሎም 3/4 ይለዋል። አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር በመሆኑ፣ ትንሹን ስሌት በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ትልቁን ሐሳብ በመሐል ይጥለዋል። በቃል መያዝ እንግዲህ ለማሰብ ቦታ ማስለቀቅ ነው።

ይህን የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ በዜማ ቤት ለዓመታት በቃሉ ያጠናል፤ ያው ትምህርት በቅኔ ቤት የሚጠይቀው ግን የሌላውን መድገም ሳይሆን የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር ነው። በቃል የተያዘው ለፈጠራ ስንቅ ሆነ እንጂ እንቅፋት አልሆነም። ነገር ግን በዚያ ትምህርት ውስጥ አለንጋም ነበረ። ከአባቶች የሚወረሰው የቱ እንደሆነ፣ የሚተወውም የቱ እንደሆነ መለየት የዛሬው ወላጅ ፈንታ ነው።

አለንጋ ለምን ያስፈልጋል? ሸክሙ እኮ ሲታይ እንደሚያስፈራው አይደለም። ከ1 እስከ 10 ያለው የማባዛት ሠንጠረዥ 100 ሣጥኖች አሉት። ልጁ ባቄላ ደርድሮ 3 ጊዜ 4 እና 4 ጊዜ 3 እኩል መሆናቸውን ካየ 55 ብቻ ይቀራሉ። በቀላሉ የሚያዙት የ1፣ የ2፣ የ5ና የ10 ብዜቶች ሲነሡ 21 ይሆናሉ። 27፣ 36፣ 45 እያሉ የሚሄዱት የ9 ብዜቶችም የአኃዞቻቸው ድምር ዘጠኝ መሆኑን ልጁ ሲደርስበት በፍጥነት ይያዛሉ፤ የሚቀሩት 15 ናቸው። በሳምንት ሁለት ሁለት ቢያዙ ሁለት ወር ይበቃል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተደገመ ነገር በአንድ ጊዜ ከተከመረው ይልቅ ይጸናል። ስለዚህ የየዕለቱ አሥር ደቂቃ ከአንድ የእንባ ምሽት ይሻላል።

የቤት ቋንቋም ያግዛል። ስምንትና አራትን የሚደምር ልጅ ከአራቱ ሁለቱን ወስዶ ስምንቱን አሥር ቢያደርገው ሁለት ይተርፈዋል፤ «አሥራ ሁለት» የሚለው ስም ራሱ የተሠራውን ይናገራል። የእንግሊዝኛው «ትዌልቭ» ይህን ይደብቃል። ልጁ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በአማርኛ የምታስቆጥረው እናት የምታፍርበት ምክንያት የለም።

ዋናው ችግር ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ሲሳሳት መምህሩን ትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤት ውስጥ የሚማር ልጅ ግን ከስሕተቱ የሚያርፍበት ሌላ ቤት የለውም። የምታስተምረውም፣ የምታርመውም፣ ማታ የምታቅፈውም አንዲት እናት ናት። ፊቷ ሲጠቁር የሚሰማው «መልሱ ትክክል አይደለም» የሚለው ሳይሆን «አሳዘንኸኝ» የሚለው ነው። እንዲህ ሲሆን መልስ መፈለጉን ትቶ ፊት ማንበብ ይለምዳል፤ ይገምታል፣ ያወቀም ያስመስላል። ሰባት ጊዜ ስምንትን ያስተማረች መስሏት ሐሰትን ታስተምረዋለች።

ስለዚህ ወላጅ መብቱ አለው፤ መብቱ ግን ዕዳ ያስከትላል። ልጁን ድገም የሚል ወላጅ እርሱም መደገምን መቻል አለበት። ልጁ አርባ ጊዜ ሲሳሳት፣ አርባኛውን እንደ መጀመሪያው ሳይመረር መስማት ይጠበቅበታል። ትዕግሥቱ ያለቀ ዕለት ደብተሩን መዝጋት ሽንፈት አይደለም። አዝኖ ጨርሶ መተው ግን ርኅራኄ አይባልም፤ ወላጅ ዛሬ የሸሸውን ድካም ልጁ ነገ ብቻውን ይከፍለዋልና።

ያቺ እናት ፊቷን አልለወጠችም እንበል። «ሰባት ጊዜ ሰባትን ታውቀዋለህ» ትለዋለች። «አርባ ዘጠኝ» ይላል። «አንድ ሰባት ጨምርበት።» ልጁ ጥቂት ያስብና፣ አሁን ወደ ፊቷ ሳይመለከት፣ «ሃምሳ ስድስት» ይላል። ነገ ሊረሳው ይችላል። ነገም ትጠይቀዋለች።