ልጆችን ይዞ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ስለ መሄድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እስራኤል በኢያሱ መሪነት የዮርዳኖስን ወንዝ በደረቅ ከተሻገሩ በኋላ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አንሥተው በጌልገላ እንዲያቆሙ ታዘዙ። የታዘዙበትም ምክንያት በመጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 4 ተገልጿል፤ ይኸውም ልጆች በኋላ ዘመን ድንጋዮቹን አይተው ምንነታቸውን በጠየቁ ጊዜ አባቶች የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲነግሯቸው ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ድንጋይ ራሱ አይናገርም። የድንጋዩ ሥራ ልጅን ማስጠየቅ ብቻ ነው፤ መልሱ የተቀመጠው በአባት አፍ ነው። አባት ዝም ያለ እንደ ሆነ የጌልገላ ድንጋይ ከሌላው የሜዳ ድንጋይ በምን ይለያል?

ይህን ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን በዋግ ኽምራ ምድር፣ ከሰቆጣ ከተማ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ የምናየው ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን አባቶቻችን ከአለት ፈልፍለው ያወጡት ጥንታዊ የጸሎት ቤት ነው፤ በአካባቢው ትውፊትም ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አስቀድሞ እንደ ታነጸ ይነገርለታል። ዛሬ አባትና እናት ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ጧት ሄደው ማታ የሚመለሱበት ሥፍራ ሆኗል። ልማዱ መልካም ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም። ዳሩ ግን ብዙዎች እግራቸው ደርሶ ልባቸው ሳይደርስ ይመለሳሉ። ልጁ «አባባ፣ ይህን ማን ሠራው? በሣጥን ያሉትስ እነማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባት «የድሮ ሰዎች ናቸው፤ ና እዚህ ቁም፣ ፎቶግራፍ ላንሣህ» ይለዋል። ፎቶግራፉ በስልኩ ውስጥ ይቀራል፤ ጥያቄው ግን ያለ መልስ ይሞታል። እኛ የምናዝነው ስለ ፎቶግራፉ አይደለም፤ ስለ ጥያቄው ነው። ልጅ ማንም ሳያስገድደው ስለ ሃይማኖቱ የሚጠይቅበት ቀን ብዙ አይደለምና።

ቤተሰብ አንድ ሆኖ ወደ ተቀደሰ ሥፍራ መሄዱ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈው፣ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምና ጻድቁ ዮሴፍ በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ጌታችንም በ12 ዓመቱ ከእነርሱ ጋር ወጣ። በመመለሻቸው ከመንገደኛው ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ባጡትም ጊዜ ተመልሰው ሲፈልጉ ከ3 ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኙት። እርሱ ዕውቀት ጎድሎት የጠየቀ አይደለም፤ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ነውና። ልጆችን መጠየቅ፣ መምህራንንም የልጅን ጥያቄ ማክበር ሊያስተምር ነው እንጂ። በዚያ የነበሩት ሊቃውንት ሕፃን ነው ብለው ከመካከላቸው አላስወጡትም። እንግዲህ እኛ ካህናት በውቅር ደጅ ሕፃናት ሲሯሯጡ ባየን ጊዜ መቋሚያ አንሥተን ከማስፈራራት ይልቅ ጠርተን ብናስተምራቸው ይሻለናል። ዛሬ ከደጅ የተባረረ ልጅ ነገ ጎልምሶ በገዛ ፈቃዱ ላይመለስ ይችላል።

ታዲያ ወላጅ ለልጁ ምን ይንገረው? አስቀድሞ የአሠራሩን ነገር ይንገረው። ሌላው ቤት የሚሠራው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ነው፤ ውቅር ግን የሚሠራው እየተቀነሰ ነው። ጠራቢው ዓምድና መስኮት የሚሆነውን አስቀድሞ በልቡ ለይቶ፣ የቀረውን በመሣሪያ እየቀረፈ ያወጣል። በስሕተት የተቈረጠ ዓምድ ተመልሶ አይቀጠልም፤ ስለዚህ ሥራው ጥበብን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንም የሚጠይቅ ነው። የሰው ነፍስም እንዲሁ የማይገባት ነገር በጾም፣ በጸሎትና በንስሓ እየተነሣላት የእግዚአብሔር ማደሪያ ትሆናለች። ልጅን ማሳደግም ይህንኑ ይመስላል፤ በቍጣ የተሰበረ የልጅ ልብ እንደ ዓምዱ በቀላሉ አይጠገንም። ነገር ግን በዚህ ይለያያሉ፤ አለቱ አንድ ጊዜ ተፈልፍሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆማል፤ ሰው ግን በየትውልዱ እንደ አዲስ ይፈለፈላል። የአባት ሃይማኖት እንደ እርሻ መሬት በውርስ ብቻ ለልጅ አይተላለፍም።

ሁለተኛ፣ የስሙን ነገር ይንገረው። መስቀለ ክርስቶስ ማለት የክርስቶስ መስቀል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን መስከረም 17 እና መጋቢት 10 ቀን የመስቀሉን በዓል ታከብራለች፤ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ለማግኘት የደከመችውን ድካምም ታስባለች። ልጁ በየዓመቱ ደመራ ሲለኮስ ያያል። የሚያውቀውን ደመራ ከማያውቀው አለት ጋር የሚያገናኝለት ግን ወላጁ ነው።

ሦስተኛ፣ በሣጥን ስላሉት ይንገረው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ የዋግ ሹማምንት አስከሬን ሳይፈርስ ደርቆ በእንጨት ሣጥን ይገኛል። ሕፃናት አይተው ይፈራሉ፤ አዋቂዎች ደግሞ እንደ ትርኢት ከበው ይመለከቱታል። ለሁለቱም ትምህርት ያስፈልጋል። ዋግሹም የዋግ ገዥ የማዕርግ ስም ነው። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የዛጔ ነገሥታት ዘር በዚህ ማዕርግ ዋግን ሲያስተዳድር እንደ ኖረ፣ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር እንደ ነበረው በትውፊት ይነገራል። ከዚሁ ወገን ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። እንግዲህ የብር ወንበር ክብር የተነገረለት ትውልድ ዛሬ በእንጨት ሣጥን ተኝቷል። ለልጅም ለሽማግሌም ከዚህ የበለጠ የትሕትና ስብከት ከወዴት ይመጣል? እነዚህም በትንሣኤ ተስፋ ያረፉ ክርስቲያኖች ናቸው። ስለዚህ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር ብሎ ማለፍ ይገባል እንጂ ሣጥኑን መክፈት፣ መነካካት፣ ለጨዋታም ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናሳስባለን። ትውፊቱን ትውፊት፣ በጽሑፍ የተረጋገጠውንም የተረጋገጠ ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ልጅን ለማስደነቅ ተብሎ ዘመን ቢጨመር ወይም ተአምር ቢፈጠር ቅዱሱን ሥፍራ አያስከብረውም። ልጁ አድጎ መጻሕፍትን ሲያነብ የተጨመረውን ሐሰት ያገኘዋል፤ ያን ጊዜም ሐሰቱን ሲጥል እውነቱን አብሮ ይጥለዋል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የዋግ ምድር ብዙ ልጆቿን በሞትና በስደት ያጣች ናት። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በዋግ ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፈውም በየአገሩ ተበተነ፤ ከወሎም ብዙ ቤተሰብ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወሰደ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በሩቅ አገር የተወለዱት ልጆች ኽምጣና የተባለውን የአያቶቻቸውን ቋንቋ አይሰሙም። በዓመት አንድ ቀን አያታቸውን ሊጠይቁ ሰቆጣ ቢመጡ፣ ያ አንድ ቀን ከአባቶቻቸው ጋር የሚያያይዛቸው ብቸኛው ክር ሊሆን ይችላል። አያቲቱ የውቅርን ነገር በኽምጣና ታውቀዋለች፤ የልጅ ልጇ ግን አይሰማትም። በመካከል ያለው አባት ተርጕሞ ካላደረሰው፣ አያቲቱ ሳይገለጥ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ወደ መቃብር ትወርዳለች።

ስለዚህ እናንት ወላጆች፣ የአንድ ቀን መንገድ ናት ብላችሁ አታቃልሏት። በዋዜማው ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ወዴት፣ ስለ ምንም እንደምትሄዱ ንገሯቸው። ጧፉንና ዕጣኑን ልጁ በገዛ እጁ ይያዘው፤ መባ የያዘ ልጅ ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ሰጪ ይሆናልና። በደረሳችሁ ጊዜ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ፣ ደጁን ተሳልማችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። አለቱን አትፋቁ፤ ስማችሁንም አትጻፉበት። ጸሎታችሁን ካደረሳችሁ በኋላ የደብሩን አባት ለልጆቻችን ይንገሩልን ብላችሁ ለምኑ። ስንቃችሁን በጾም ቀን የጾምን ሥርዐት ጠብቃችሁ ከቅጽሩ ውጭ ተመገቡ። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጁ ራሱ ያየውን ይተርክላችሁ፤ የሳተውን አርሙለት፤ የማታውቁትን ቢጠይቃችሁ ካህን እንጠይቃለን በሉት፤ ጠይቃችሁም መልሱለት።

መንገዱ የራቀበት፣ ወጪውም የከበደው ወላጅ አይዘን። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም ልጁን የሚያስጠይቅ ሥዕል፣ ደወልና መስቀል አለ፤ ከዚያ ይጀምር።

አባቶቻችን ጽኑውን አለት እንዲፈለፍሉ ኃይልን የሰጠ አምላክ፣ ለእኛም የልጆቻችንን ልብ ለእርሱ ማደሪያነት የምናዘጋጅበትን ጥበብና ትዕግሥት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።