ጳጉሜን የማያውቅ አባት

የካ ሚካኤል አካባቢ አንድ እድር ነበረ አሉ። መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እንዲያዛውር አንድ የሰፈር ልጅ፣ ፕሮግራመር፣ ተጠራ። የዊንዶውስ ፎርምስ የቀን መምረጫ፣ ዴትታይምፒከር፣ ሁሉ የተሟላለት ነው፤ ልጁም ደስ ብሎት ከእሱ አንድ ክላስ አስወለደ። ሴፕቴምበርን «መስከረም»፣ ኦክቶበርን «ጥቅምት» እያለ የአሥራ ሁለቱንም ስም ለወጠ። አልፈርድበትም፤ ሀብታም አባት ከተገኘ ዘር የሚቆጥር ማን ነው? ሳጥኑ ሲዘጋ አማርኛ ይናገራል፤ ሲዘረጋ ግን ያው የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ቁጭ ብሏል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የእንጦጦ ጭጋግ ገና ሳይገፈፍ፣ አንዲት እናት ጳጉሜ 3 ቀን አረፉ። የእድሩ ጸሐፊ መነጽራቸውን አስተካክለው ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ፣ ጳጉሜ የለችም። ያንኑ ቀን በፈረንጁ፣ ሴፕቴምበር 8ን፣ ሲጫኑ «መስከረም 8» ይላቸዋል። በዚህ ስሌት የሟች አርባ አሥር ቀን ሊዘገይ ነው።

«ልጄ፣ ባልሞቱበት ቀን ልትቀብራቸው ነው?»

ልጁ ሌሊቱን የሳጥኑን መሳያ፣ ኦንፔይንትን፣ ኦቨርራይድ ሲያደርግ አደረ። አባትየው አልሰማውም፤ ያንን ሳጥን የሚስለው ዊንዶውስ ራሱ ነዋ! ቢሰማውስ? አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ፣ ስሙን ቢቀይሩለት አሥራ ሦስተኛ ከየት ያመጣል?

ሲነጋ መገናኛ ሶፍትዌር ቤት ወደምትሠራው ታላቅ እህቱ ሄደ።

«የክላስህ አባት ማን ነው?»

«ዴትታይምፒከር።»

«አያቱስ?»

«ኮንትሮል።»

«ኮንትሮል ስለ ወር ምን ያውቃል?»

«ምንም። ቁመትና ስፋቱን፣ ማውሱን፣ ኪቦርዱን ነው የሚያውቀው።»

«በል ከእሱ ውረስ።»

ከአያቱ ወረሰ። አሥራ ሁለቱን ወር ሠላሳ ሠላሳ፣ ጳጉሜን አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት አድርጎ በገዛ እጁ ሳለ። ያያቱን ሥራ ግን አልነጠቀም፤ ማውስ ሲጫን መጀመሪያ ቤዝን ይጠራል፣ ከዚያ የራሱን ይጨምራል። ወደ ዳታቤዝ የሚገባው ቀን እንደ ድሮው የፈረንጅ ነው። «ቫልዩ» የሚለውንም ስም ስላልለወጠው የቀሩት ፎርሞች አባት መቀየሩን እንኳ አላወቁም።

ጸሐፊው የዘር ሐረጉን በጥሞና ሰምተው ጳጉሜ 3ን ተጫኑ። ተመዘገበ። ጣታቸውን ወደ ቀጣዩ ሳጥን አሻገሩና ቆም አሉ።

«ቀብሩ በ9 ሰዓት ነው፤ ይኼ ደግሞ 15 ይላል። የዚህስ አባቱ ማን ነው?»