የመጨረሻው የነካው ሰው

ቅዳሜ ማታ፣ ማንቼ በተሸነፈ ቁጥር፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር ያው ነው። አንዱ «እኛን የገደለን ሞዬስ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ቫን ሃል ነው፣ ኳሱን ያፈዘዘብን እሱ!» ብሎ ይነሳል። ሞሪንሆ የሚል አለ፣ ኦሌ የሚል አለ፣ ቴን ሃግ የሚልም አይጠፋም። እኔ ለዓመታት «ሞዬስ» ባይ ነበርኩ።

ማስረጃም ነበረኝ። በፈረንጆቹ 2013 ሰር አሌክስ ሲለቁ ቡድኑ በ89 ነጥብ፣ ተከታዩን በ11 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ነበር። ሞዬስ የ6 ዓመት ውል ፈርሞ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው ተባረረ፤ ቡድኑም 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ምን ቀረ? ፋይሉ ተዘጋ።

አሁን ግን እንዲህ እርግጠኛ መሆን ያቃተኝ በእግር ኳስ ምክንያት አይደለም፤ በሥራዬ ምክንያት ነው።

ሶፍትዌር ነው የምሠራው። እኛ ጋ «ጊት ብሌም» የሚባል ትእዛዝ አለ። አንድ የኮድ መስመር ላይ ብትጠቀሙበት፣ መስመሩን መጨረሻ ላይ የነካው ማን እንደሆነ ከነቀኑ ያወጣላችኋል። ብሌም ማለት ወቀሳ ነው። ትእዛዙ የሚያውቀው ግን ማን እንደነካ ነው እንጂ ማን እንዳጠፋ አይደለም።

ድሮ የምሠራበት ቦታ፣ አንዳንዴ ደንበኛን ሁለቴ የሚያስከፍል ስህተት ነበር። መስመሩ ላይ የሚወጣው ሥራ የለቀቀ ልጅ ስም ነው። ወራት ሙሉ «እሱ ነው ያበላሸው» እያልን ሳቅንበት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል? በኋላ ቁጭ ብዬ ታሪኩን ወደኋላ ስፈትሽ፣ ልጁ ያደረገው መስመሩን ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ ማዛወር ብቻ ነው። ስህተቱ ከእሱ በፊትም ነበረ። ጭራሽ ከመልቀቁ በፊት «ይሄ ነገር ሁለቴ ሊያስከፍል ይችላል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፏል። «በኋላ እናየዋለን» ብሎ የዘጋውስ? እኔ።

ይህንን ለቡድኑ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

«ማን ጎዳን?» ስንል ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ እናሽሞነሙናለን። በማን ጊዜ ተከሰተ? በማን ውሳኔ መጣ? ማወቅና ማድረግ እየቻለ ያላደረገው ማነው? ጥፋት የሚባለው ሦስተኛው ላይ ነው። እኛ ግን የመጀመሪያውን መልስ ይዘን የሦስተኛውን ፍርድ እንሰጣለን።

ሞዬስ ምን ተረከበ? ስኮልስ ጫማውን ሰቅሏል፣ ጊግስ 39፣ ፈርዲናንድ 34 ዓመቱ ነው። ዝውውሩን ለዓመታት ሲመራ የነበረው ዴቪድ ጊልም በዚያው ክረምት ለቋል። ክለቡ ራሱ በ2005 በብድር ተገዝቶ ዕዳው እሱው ላይ ተጭኗል። ይህ ሁሉ «ሞዬስ» አይባልም።

«ታዲያ ማንም አይጠየቅ?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። የሰር አሌክስን ረዳት አሠልጣኞች አሰናብቶ የራሱን ሰዎች ያመጣው ሞዬስ ነው። ይህ የራሱ ውሳኔ ነው፣ ይጠየቅበት። ሚዛናዊ መሆን ነፃ ማውጣት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የድርሻውን መስጠት ነው።

አንድ ማሽን ሲበላሽ የተጠረጠረውን ዕቃ ትቀይራላችሁ። ችግሩ ካልጠፋ ሌላ ቦታም ትፈልጋላችሁ። ማንቼ አሠልጣኝ ቀየረ፣ ደግሞ ቀየረ፤ ቫን ሃልን እንዲያውም የኤፍኤ ዋንጫን ባነሳ በሁለተኛው ቀን አሰናበተ። በ2024/25 በ42 ነጥብ 15ኛ ሆነን ጨረስን። እኛ ግን ዛሬም የምንከራከረው ስለ ስም ነው።

ለምን? አንድ ስም ስለሚያሳርፍ ይመስለኛል። ጥፋተኛው የሄደ ሰው ከሆነ፣ ከቀረነው ውስጥ ማንም መጠየቅ የለበትም። የሄደ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም።

ባለፈው ቅዳሜ «አንተስ ማንን ነው የምትለው?» ተባልኩ። «የሞዬስን ድርሻ ለሞዬስ ስጡት፣ የቀረውን ግን ቁጭ ብለን እንቁጠረው» አልኩ። «ይሄ መልስ አይደለም!» ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው፣ ለክርክር አይመችም።

ያንን ልጅ ደውዬ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ስንስቅበት መክረማችንን ስለማያውቅ ምን ያደርግለታል እያልኩ ነው የቆየሁት። ይህንን ስጽፍ ግን ምክንያቱ ለእኔ እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ ገባኝ። ስልኩ አለኝ።