የሰርግ ዳስና የጌጥ እውነት

የገጠር ሰርግ ጌጥ ከሁሉ በፊት ዳሱ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ነው፤ እህል ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጾሙም ገና ነው። ቀኑ ሲቃረብ የመንደሩ ጎረምሶች ተጠራርተው ዳስ ይጥላሉ። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ በልጥ ወይም በገመድ ይታሰራል፣ ላዩና ጎኑ ቅጠሉ ባልረገፈ ቅርንጫፍ ይሸፈናል፤ ወለሉ ውሃ ተርከፍክፎበት ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ጋኑ፣ መሶቡና ዋንጫው ከየጎረቤቱ በውሰት ይሰበሰባል። ከዚህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ ተብሎ የገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ፀሐይ ይከላከላል፣ ቄጠማው አቧራ ያበርዳል፣ ጋኑ ጠላ ይይዛል። ሆኖም እንግዳው ገና ከደጅ ሲገባ ዳሱ አማረ ይላል። ለማማር ያልተሠራ ነገር እንዴት አማረ የሚለው ጥያቄ የፍልስፍናንም የሃይማኖትንም ደጅ ያንኳኳል።

ጌጥ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በነገሩ ላይ የተደረበ ትርፍ ነው፤ ቢነሣም ነገሩ አይጎድልም። የዳስ ቅጠል ቢገፈፍ ግን የሚቀረው ባዶ እንጨት ነው። ውበቱ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ጠዋት የተቆረጠው ቅርንጫፍ በማግስቱ ይጠወልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ተኮማትሮ የእንግዳ ትከሻ ላይ መርገፍ ይጀምራል። ለሁለት ቀን ተብሎ ይህን ያህል መድከም በነጋዴ ሒሳብ ኪሳራ ነው።

ይህን አላፊነት በሕግ የያዘ የቆየ ልማድ አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን እስራኤላውያን በሰባተኛው ወር ለሰባት ቀን ዳስ ውስጥ እንዲቀመጡ ያዝዛል፤ አባቶቻቸው ከግብፅ ሲወጡ በዳስ መኖራቸውን ትውልዱ እንዳይረሳ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ትእዛዙን ሲያብራሩ የጣሪያውን ነገር አጥብቀው መረመሩ። ጣሪያው ከምድር የበቀለ፣ ከምድርም የተቆረጠ መሆን አለበት፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ያለ ሐረግ አይሆንም፣ አንሶላም አይሆንም። ጥላው ከፀሐዩ መብለጥ አለበት፤ ቁመቱ ከ20 ክንድ ካለፈ ዳስነቱ ይቀራል። ፍራፍሬ ለጌጥ ማንጠልጠል ይፈቀዳል፤ አንዴ ለዳሱ ክብር ከተሰቀለ ግን በዓሉ እስኪያልፍ አይበላም። ይህች የመጨረሻዋ ድንጋጌ ትንሽ ብትመስልም ጌጥ ምን እንደሆነ ከብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ ጥርት አድርጋ ታሳያለች፤ ፍሬው ያው ፍሬ ነው፣ ለበዓሉ ተብሎ ከአፍ በመከልከሉ ግን ጌጥ ሆኗል። በወንጌልም ጴጥሮስ፣ ትውፊት ታቦር በሚለው ተራራ ላይ የክርስቶስን ብርሃን ባየ ጊዜ፣ ሦስት ዳስ ለመሥራት ተመኘ። ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 13 ቀን የምታከብረው ይህ ታሪክ ዳሶቹ ሳይሠሩ ያበቃል፤ ከተራራው መውረድ ነበረባቸው።

ከሰርግ ዳሱ ጌጦች ሁሉ ትርጉሙ የጠለቀው እግር የሚረግጠው ቄጠማ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ልማዱ የሚያያዘው ከኖኅ ርግብ ጋር ነው። ርግቢቱ ለምለም ቅጠል በአፏ ይዛ ተመልሳ የውሃውን መጉደል እንዳበሠረች፣ ቄጠማውም የሞትን መሸነፍ ያበሥራል። የእድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ለሰርግም ለለቅሶም ያው አንድ ነው፤ ለኀዘን ግን ቄጠማ አይጎዘጎዝም። መንገደኛው ድንኳኑ ለምን እንደተተከለ ወለሉን አይቶ ሊያውቅ ይችላል።

በጌጥ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ ግን ከራሱ ከሃይማኖት የመጣ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በስብከቶቹ የዘመኑን ሰርግ ሆታና ወጪ ነቅፏል፤ ከድምቀቱ ይልቅ ድሆች ቢጠሩበት፣ ክርስቶስም ከታዳሚዎቹ መካከል ቢገኝ ይሻላል የሚል ነበር። ተግሣጹ ዛሬም ተገቢ ነው፤ ሰርግ ሠርቶ ዕዳ ሲከፍል የኖረ ቤተሰብ ጥቂት አይደለምና። ቢሆንም ያችው ቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ ተክሊል ለሙሽሮች ካባ ታለብሳለች፣ ዘውድም ትደፋላቸዋለች። ጥር 12 ቀን በሚከበረው በቃና ዘገሊላም ተአምሩ የተፈጸመው በስድስት የድንጋይ ጋኖች ነው፤ ለመንጻት ተብለው በሰርጉ ቤት የተቀመጡ ተራ ዕቃዎች ነበሩ። ስለዚህ ክርክሩ ይጌጥ ወይስ አይጌጥ በሚለው ላይ አይቆምም። ጌጡ ስለ ምን ይመሰክራል ወደሚለው ያልፋል።

ጥያቄው የሚከብደው ዳሱ ወደ አዳራሽ ሲገባ ነው። በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም፣ በተለይ በመልስ ቀን፣ የዲኮር ባለሙያዎች በኮንክሪት ጣሪያ ሥር ቀርከሃ አቁመው ሣር ይከድናሉ፤ ሰፌድ ይሰቅላሉ፣ ማንም የማይበላበት መሶብ ይደረድራሉ፣ የፕላስቲክ ሣር ያነጥፋሉ። ገጠርን የመምሰል አምሮት አዲስ አይደለም። የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ከ1783 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቬርሳይ የገበሬ መንደር አሠርታ ነበር። እውነተኛ ላሞች ነበሩበት፤ የቤቶቹ ግድግዳ ግን ያረጀ እንዲመስል ስንጥቅ በቀለም ተስሎበታል።

ኢማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ስለ ውበት ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አቅርቧል። አንድ ባለቤት በበጋ ምሽት እንግዶቹን ለማስደሰት ቁጥቋጦ ውስጥ ልጅ ይደብቃል፤ ልጁ በሸምበቆ በሌሊት የምታዜመውን ወፍ ድምፅ ያሰማል። እንግዶቹ በደስታ ያዳምጣሉ። ተንኮሉ የታወቀ ዕለት ግን ድምፁ ያው ሆኖ ሳለ የሚታገሠው ጆሮ አይገኝም። የፕላስቲክ ቄጠማም ነውሩ ፕላስቲክነቱ ላይ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት ከወንዝ ዳር የታጨደ መስሎ መቅረቡ ላይ ነው።

መመዘኛው የዕቃው አገርና ዕድሜ ቢሆን ኖሮ የገጠሩ ዳስም በወደቀ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ለዳስ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የባሕር ዛፍ ዳስ ሐሰት ነው የሚል ግን የለም፤ ጎረቤት ቆርጦ፣ ተሸክሞ አቁሞታልና። በዚህ ሚዛን የከተማ ሰርግም ሊያልፍ ይችላል። ከአክስት የተዋሰው፣ ጠርዙ የተበላ መሶብ እንጀራ ቀርቦበት ከተበላ ጌጥነቱ እውነት ነው። በዋዜማው ከገበያ የተገዛ አንድ እቅፍ ቄጠማ ከአዳራሽ ሙሉ አርቲፊሻል ሣር ይበልጣል። የሙሽራው አብሮ አደጎች ተሰብስበው ያሰሩት ቀርከሃ ትንሽ ቢጣመምም ያምራል፤ መጣመሙ የእነሱ እጅ ነው።

ሰርጉ ሲያልቅ ዳሱ ይፈርሳል። ቋሚው ለአጥር ወይም ለሌላ ሰርግ ይቀመጣል፣ ቅርንጫፉ ደርቆ ማገዶ ይሆናል፣ ቄጠማው ይጠረጋል። ጋኑና መሶቡ ታጥቦ ወደየባለቤቱ ይመለሳል። ቋሚዎቹ የተነቀሉባቸው ጉድጓዶች ክረምቱ እስኪደፍናቸው ድረስ ከደጁ ላይ ይታያሉ።